ደሙ ታዲያ የት ይሄዳል?

ጥያቄው የእናቴ ነው። ቡና ላይ ነበርን። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እስኪፈላ እንጠብቃለን። መድኃኒቱን ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆኖኝ ነበር። የወር አበባዬ ከጠፋ ደግሞ አራት ወር። ልነግራት አላሰብኩም ነበር፣ አፌን አዳለጠኝ። የያዘችውን ሲኒ ረከቦቱ ላይ አስቀመጠችና "ደሙ ታዲያ የት ይሄዳል?" አለችኝ።

ዝም አልኩ። ሐኪሜ አስረድተውኛል፣ ገብቶኛልም። ግን እውነቱን ለመናገር እኔም ሌሊት ስነቃ ሆዴን እየዳበስኩ "የሆነ ቦታ እየተጠራቀመ ይሆን እንዴ?" እል ነበር።

ይህን የምጽፈው ለኢንዶሜትሪዮሲስ፣ ማለትም የማህፀንን ሽፋን የሚመስል ነገር ከማህፀን ውጭ ለሚበቅልበት በሽታ፣ የሆርሞን መድኃኒት ታዞላችሁ ወረቀቱን አጣጥፋችሁ ቦርሳ ውስጥ ለያዛችሁ እህቶች ነው። እኔም አንዱን ማዘዣ አምስት ወር ይዤው ዞሬያለሁ። የፈራሁት በሽታውን አልነበረም፣ "ሆርሞን" የሚለውን ቃል ነው። ሐኪም አይደለሁም። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የምነግራችሁ በራሴ ላይ የደረሰውንና ጠይቄ የተረዳሁትን ነው።

በነገራችን ላይ እናቴ በሽታውን እስከ ዛሬ "እንዶድ" ነው የምትለው። አርሜ አርሜ ሰለቸኝ። በስልክ "ያቺ እንዶድ እንዴት አደረች?" ትለኛለች። "አጥባ አስጥታኛለች" እላታለሁ።

የወር አበባ ያየሁት በ13 ዓመቴ ነው። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ያመኝ ነበር። ጤና አዳም በሻይ ጠጥቻለሁ። ትኩስ ውሃ በሃይላንድ ሞልቼ ሆዴ ላይ አድርጌ ተኝቻለሁ። ጸበልም ሄጃለሁ። "የሴት ነገር ነው፣ ስትወልጂ ይተውሻል" ያላለኝ ሰው የለም። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ በወር ሁለት ቀን ክፍል አልገባም ነበር። ሥራ ከያዝኩ በኋላ ህመሙ ከወር አበባው ቀድሞ መምጣት ጀመረ። ሽንት ቤት ስቀመጥ እንደ ቢላ ይወጋኝ ነበር። ይህን የመጨረሻውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ ያሳፍራል። ለካ ለሐኪም መጀመሪያ መነገር ያለበት እሱ ነበር።

ክሊኒክ ስሄድ አንዴ ኢንፌክሽን፣ አንዴ አሜባ፣ አንዴ የሽንት ቧንቧ ነው እየተባልኩ በሁለት ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ ሜትሮኒዳዞልና ዶክሲሳይክሊን የሚባሉ አንቲባዮቲኮች ውጫለሁ። ሲብስብኝ ማታ ዳይክሎ የሚባለውን ማስታገሻ በመርፌ ተወግቼ እመለሳለሁ። ጠዋት ሥራ እገባለሁ።

በ2013 ዓ.ም. አንድ በዕድሜ ጠና ያሉ የማህፀን ሐኪም አልትራሳውንድ አዘዙልኝ። ግራው እንቁላል ማምረቻ ላይ 3.6 ሴንቲ ሜትር የሚሆን፣ ቸኮሌት ሲስት የሚባል ደም የቋጠረ ከረጢት ታየ። ያኔ ነው የኢንዶሜትሪዮሲስን ስም የሰማሁት።

እንዲህ አስረዱኝ። ማህፀን ከውስጥ የሚለብሰው ሽፋን አለ። በየወሩ ይወፍራል። እርግዝና ካልመጣ ይፈርስና ደም ሆኖ ይወጣል። እኔ ላይ ይህንን የሚመስል ነገር ከማህፀን ውጭ በቅሏል። እሱም ኢስትሮጅን የሚባለውን ሆርሞን እየሰማ በየወሩ ይወፍራል፣ ይደማል። ግን መውጫ በር የለውም። ባለበት ቦታ ይቆጣል። የሆድ ዕቃዎችን እርስ በርስ ያጣብቃል። እንቁላል ማምረቻ ውስጥ የተጠራቀመው ደም ሲያረጅ ጠቆር ያለ ቡናማ ይሆናል። ቸኮሌት የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። ብቻዬን የሆንኩ መስሎኝ ማልቀስ ስጀምር የዓለም ጤና ድርጅትን አሃዝ ጠቀሱልኝ፤ ለመውለድ ዕድሜ ከደረሱት ሴቶችና ልጃገረዶች 10 በመቶ ያህሉ፣ ወደ 190 ሚሊዮን የሚጠጉት፣ ይህ አለባቸው። ሒሳብ ስለምወድ ይሁን አላውቅም፣ ቁጥሩ አጽናናኝ።

ቀጥለው ያልጠበቅሁትን ጠየቁኝ። "በሚቀጥለው አንድ ዓመት ውስጥ ማርገዝ ትፈልጊያለሽ?" ያኔ 27 ዓመቴ ነው፣ አላገባሁም። ትንሽ ቅር አለኝ። ምን አገባቸው አልኩ በሆዴ። አሁን ግን ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄ እሱ እንደሆነ አውቃለሁ። ለዚህ በሽታ የሚሰጡት የሆርሞን መድኃኒቶች ህመሙን ያስታግሳሉ፣ በሽታውንም ያስተኙታል። ነቅለው አያወጡትም። እነሱን እየወሰዱ ደግሞ ለማርገዝ አይሞከርም። የመውለድ ዕድልንም አይጨምሩም። ልጅ አሁኑኑ የምትፈልግ ሴት መንገዷ ሌላ ነው። ይህን ጥያቄ ሐኪማችሁ ካልጠየቋችሁ እናንተው አንሱት።

ቀዶ ሕክምናም አንስተን ነበር። ሲስቱ ሲወጣ ከጤነኛው እንቁላል ማምረቻ ትንሽ አብሮ ሊነካ፣ የእንቁላል ክምችቱም ሊቀንስ እንደሚችል ነገሩኝ። መጀመሪያ በመድኃኒት እንሞክር ተባባልን።

የመጀመሪያው ትእዛዝ ተራ የወሊድ መከላከያ እንክብል ነበር። ኢስትሮጅንና ፕሮጄስቲን የሚባሉት ሁለቱም ሆርሞኖች ያሉበት። ከሰፈሬ ፋርማሲ ልገዛው አፈርኩ። ያላገባች ልጅ፣ የሰፈር ሰው፣ ታውቁታላችሁ። ታክሲ ተሳፍሬ ፒያሳ ድረስ ሄጄ ገዛሁ። ፓኬቱ 28 ፍሬ አለው። 21ዱ ሆርሞን ነው፣ 7ቱ ቡናማዎች ብረት ናቸው። ዶክተሩ "ቡናማዎቹን ተያቸው፣ 21ዱ ሲያልቅ በማግሥቱ አዲስ ፓኬት ጀምሪ" አሉኝ። ቡናማዎቹ በሚዋጡበት ሳምንት ነው ደም የሚመጣው፣ ደም ሲመጣ ነው ህመም የሚመጣው። ነገሩ ቀላል ነው። ሠራም። ህመሜ በግማሽ ቀነሰ።

በሦስተኛው ወር ቢሮ ተቀምጬ ኮምፒውተሩ ላይ ካሉት ቁጥሮች ግማሾቹ ጠፉብኝ። በምትካቸው የሚብለጨለጭ፣ እንደ መጋዝ ጥርስ የተሰነጣጠቀ ብርሃን መጣ። ሃያ ደቂቃ ቆይቶ ሄደና ራሴን ያዘኝ። ልጅ ሆኜም ያውቀኛል። ማይግሬን መሆኑን ግን አላውቅም ነበር፣ ስለዚህም አልተናገርኩም። ስልክ ስደውል ዶክተሩ "ዛሬውኑ አቁሚ" አሉኝ። እንዲህ ብርሃን እያሳየ የሚመጣ ማይግሬን ያለባት ሴት ኢስትሮጅን ያለበት እንክብል መውሰድ የለባትም። የስትሮክ አደጋውን ይጨምራል። ደም ረግቶባት የሚያውቅ፣ የደም ግፊት ያለባት፣ ከ35 ዓመት በላይ ሆና ሲጋራ የምታጨስም እንደዚሁ። ከመጀመራችሁ በፊት እነዚህን ሳይጠይቋችሁም ተናገሩ።

ሁለተኛው የሦስት ወር መርፌ ነው። ዴፖ። አገራችን ውስጥ የማያውቀው የለም፣ ጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል። ኢስትሮጅን የለውም። ለብዙ ሴት ምቹ ነው፣ በየቀኑ ማስታወስ አያስፈልግም። እኔን ግን ቀልቤ አልወደደውም፣ ምክንያቴን ልንገራችሁ። እንክብል ካልተስማማ ትተዉታላችሁ። መርፌ አንዴ ከገባ ሦስት ወር አብራችሁት መኖር ነው። ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ አምስት ሳምንት ጠብ ጠብ የሚል ደም አየሁ። ስድስት ኪሎ ጨመርኩ። ካቆሙት በኋላ ለማርገዝ ወራት እንደሚፈጅ፣ የመጨረሻው መርፌ ከተወጋበት ቀን አንስቶ ወደ 10 ወር ገደማ መጠበቅ የተለመደ እንደሆነ ስሰማ ደግሞ ይበልጥ ከበደኝ። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ አጥንት ያሳሳል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እንደ ፈረንጆች በ2004 መድኃኒቱ ላይ ትልቁን ማስጠንቀቂያ ያስለጠፈው በዚህ ምክንያት ነው። ህመሜ ቀንሶ ነበር፣ አልዋሽም። ሁለቴ ተወግቼ ተውኩት። የሥራ ባልደረባዬ ግን አራት ዓመት ተጠቅማበት እጅግ ታመሰግነዋለች።

ከዚያ በኋላ ነው ሦስተኛውን ማዘዣ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ አምስት ወር የዞርኩት። ሁለቱ አልሆኑም፣ ሦስተኛው ምን ሊሆን ነው ብዬ። እናቴም በመሃል "ይኼ ሆርሞን የምትይው ማህፀን ያደርቃል፣ ተይው" ትለኛለች። የጎረቤቷ ልጅ መርፌ ተወግታ አልወልድ ብላ ነበር አሉ። በኋላ መንታ ወለደች፣ ያ ግን ወሬው ውስጥ አይነገርም።

መድኃኒቱ ዲየኖጄስት ይባላል። 2 ሚሊ ግራም፣ በቀን አንድ፣ ያለ ዕረፍት። ፕሮጄስቲን ብቻ ነው። ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀመርኩት። ያኔ ሲስቱ 4.8 ሴንቲ ሜትር ደርሷል። ማታ 3 ሰዓት ላይ ልውሰደው አልኩ። አንደኛ እቤት ነኝ። ሁለተኛ ጾምም ቢሆን በዚያ ሰዓት አይነካኝም። ሰዓቱን መጠበቅ ዋናው ነገር ነው። በዋጣችሁ በሦስትና በአራት ሰዓት ውስጥ ካስመለሳችሁ ወይም ከባድ ተቅማጥ ከያዛችሁ ሌላ ፍሬ ይደገማል።

አሁን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ። ብዙ ሴት የምታቋርጠው እዚያ ላይ ነው። እኔም ለጥቂት ነው።

ሐምሌ 20 ቀን ደም ጀመረኝ። ብዙ አይደለም፣ ጠብ ጠብ ነው፣ ግን አያቋርጥም። ነሐሴ ገባ። ፍልሰታ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ፍልሰታን ሳላስቀድስ አሳልፌ አላውቅም። ያን ዓመት ግን ደም ላይ ስለሆንኩ ቤተ ክርስቲያን አልገባሁም። ከቅጽሩ በር ላይ ቆሜ ቅዳሴውን በድምፅ ማጉያ እሰማለሁ። ዝናቡ ይወርዳል። አንድ ሳምንት ሁለት ሳምንት ቢሆን ይሁን። ሕፃናቱ ቆርበው አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሲወጡ እያየሁ፣ መድኃኒቱን ዛሬ ማታ እጥለዋለሁ አልኩ። ማታ 3 ሰዓት ሲሆን ዋጥኩት። ለምን እንደዋጥኩት እኔ እንጃ። ምናልባት ደብተሬ ነው።

ደብተሬን ልንገራችሁ። የሒሳብ ሰው ነኝ፣ ያልተጻፈ ነገር አላምንም። አንድ የትምህርት ቤት ደብተር ገዝቼ አምስት ዓምድ አሰመርኩ። ቀን፣ ህመም ከ10፣ ደም፣ ስሜት፣ የወሰድኩት ማስታገሻ ብዛት። ሰኔ ላይ፣ መድኃኒቱን ከመጀመሬ በፊት፣ 19 ፍሬ ማስታገሻ ውጫለሁ። ነሐሴ ላይ 7። ደሙ እያስመረረኝ ህመሙ ግን እየቀነሰ እንደሆነ ያወቅሁት ከደብተሩ ነው። ስሜቴን ብጠይቀው "ምንም ለውጥ የለም" ይለኝ ነበር።

ደሙ የቆመው በ47ኛው ቀን ነው። ያ ዓመት ጳጉሜን 6 ቀን ነበረች፣ አንዷን ቀን ጨምራ አስጨነቀችኝ። እንቁጣጣሽ ጠዋት ስነሳ ደረቅ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ አልፎ አልፎ ትንሽ ትንሽ እያየሁ ቆየሁ። ኅዳር ላይ ጭራሽ ጠፋ። ሁሉም ሴት ላይ እንዲህ አይጠፋም። ከዓመት በኋላም ጠብ ጠብ የሚላቸው አሉ። ግን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የምታዩት ደም መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም። ይህን አስቀድሞ የነገረኝ ቢኖር የፍልሰታው ለቅሶዬ ግማሽ በሆነ።

ብዙ ከሆነ፣ በሰዓት አንድ ሞዴስ የሚሞላ ከሆነ፣ ወይም ራሳችሁን የሚያዞራችሁ ከሆነ ግን ይህ ሌላ ነገር ነው። ቀጥታ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። እኔም ያኔ የደም ማነሴን ተመርምሬ ብረት ታዞልኛል።

ደሙ ብቻ አልነበረም። ራስ ምታት፣ ጡት ማበጥ፣ ፊቴ ላይ ብጉር እንደ ጎረምሳ። በጣም ያስቸገረኝ ስሜቴ ነው። በስድስተኛው ሳምንት ታክሲ ውስጥ ያለ ምንም ምክንያት እንባዬ ወረደ። ወያላው ደንግጦ "እህት፣ መልስሽን ሰጠሁሽ አይደል?" አለኝ። ከእንባዬ ጋር ሳቅኩ። ግን ነገሩ የሚያስቅ አልነበረም። ለሁለት ሳምንት ሰው ማየት አስጠላኝ። ደብተሩ ላይ የስሜት ዓምዱ በሙሉ "ከፋኝ" ይላል። ለዶክተሩ ወስጄ አሳየኋቸው። ቀለል አላደረጉትም። ከዚህ በፊት ድብርት ታምሜ እንደማውቅ ጠየቁ። በየሳምንቱ እንድደውል ነገሩኝ። "ራሴን ልጉዳ የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ሳትጠብቂ ነይ" አሉ። ለታላቅ እህቴም እንድነግራት አዘዙኝ። እኔ ላይ በሦስተኛው ወር ቀለለኝ። የማይቀልላት አለች። ያኔ መድኃኒቱን መቀየር ሽንፈት አይደለም። ከድብርት ጋር ተፋጥጦ መክረም አያስፈልግም።

ጥር 2016 ዓ.ም. አልትራሳውንድ ተነሳሁ። ሲስቱ 3.9 ሆኗል። አልጠፋም፣ ቀንሷል። በዚያ ወር የዋጥኩት ማስታገሻ 2 ፍሬ ነው፣ አንዱም ለጥርሴ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ለዓመታት ያልጠፋው ዳይክሎ ጊዜው አልፎበት ጣልኩት።

እናቴ ያንን ጥያቄ የጠየቀችኝ ከዚህ በኋላ፣ መጋቢት ላይ ነው። መልሱን በማግሥቱ ደውዬ ነገርኳት። "እማዬ፣ ደሙ የትም አይሄድም፣ መጀመሪያም አልተሠራም" አልኳት። የወር አበባ ከሆነ ቦታ የሚቀዳ ደም አይደለም። ሽፋኑ ሲወፍርና ሲፈርስ ነው ደም የሚመጣው። መድኃኒቱ እንቁላል እንዳይወጣ ያደርጋል፣ ኢስትሮጅኑን ያሳንሳል፣ ሽፋኑም አይወፍርም። የሚፈርስ ከሌለ የሚወጣም የለም። መውጫ ያጣው፣ ውስጥ የተጠራቀመው ደም ቀድሞ ነው የነበረው። ያ ነው በሽታው። "እንዲህ በይኝ እንጂ! ይኼንን የነገረኝ አለ?" አለች። እውነቷን ነው። እኔም ስነግራት ነው በደንብ የገባኝ።

አንድ አስቂኝ ነገር፣ ግን ሊያስለቅሰኝ ይችል የነበረ። በ2017 ዓ.ም. መድኃኒቱ ከማውቃቸው ፋርማሲዎች ጠፋ። ከነማ ጠየቅሁ፣ የግል ጠየቅሁ፣ የለም። ፍራንክፈርት ያለችው የአክስቴ ልጅ "እኔ እኮ የምወስደው ዲየኖጄስት ነው፣ 2 ሚሊ ግራም ይላል" ብላ በሰው ላከችልኝ። ማሸጊያውን ሳየው እውነትም ዲየኖጄስት 2 ሚሊ ግራም ይላል። ከሥሩ ግን ኤቲኒል ኢስትራዲዮል 0.03 ሚሊ ግራም የሚል አለበት። የእሷ ተራ የወሊድ መከላከያ ነው። ኢስትሮጅን አለበት። ያ ብርሃን ለሚታየኝ ለእኔ መርዝ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ከውጭ ስታስመጡ የንግድ ስሙን ሳይሆን ውስጡ ያለውን ሁሉ አንብቡ። ብቻውን ዲየኖጄስት መሆን አለበት። የማዘዣውን ፎቶ ላኩላቸው። ጊዜው የሚያልፍበትንም ቀን እዩ።

ትክክለኛው ከዱባይ እስኪመጣ 9 ቀን ያለ መድኃኒት ቆየሁ። ደሙም ህመሙም ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ እስካቆምኩበት ድረስ ሁልጊዜ ሁለት ፓኬት ትርፍ እይዝ ነበር። ደሞዜን ይነካ ነበር፣ ምን ይደረግ።

የሌሎችን ቶሎ ልንገራችሁ። ሐኪም ቤት ወረፋ ስጠብቅ የተዋወቅኋት እህት ከቀዶ ሕክምናዋ በፊት ዞላዴክስ ወስዳለች። በ28 ቀን አንዴ ሆድ ላይ ከቆዳ ሥር የሚገባ ነው። ከአንጎል የሚመጣውን ትእዛዝ ዘግቶ ሴትን ለጊዜው እንዳረጠች ያደርጋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ጭራሽ ብሶባት ነበር፣ ይህ የሚጠበቅ ነው። ከዚያ ህመሙ ጸጥ አለ፣ ወበቁ ግን አያድርስ። ሌሊት ነጠላዋን ጥላ ሲሚንቶ ላይ ትተኛ ነበር። አጥንት ስለሚያሳሳ ብቻውን ከ6 ወር በላይ አይሰጥም፣ ወይም አጥንቱን የሚጠብቅ ትንሽ ሆርሞን ይጨመርበታል። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች ጓደኛዬ ደግሞ በእንክብል የሚወሰደውን አዲሱን ትወስዳለች። ሬሉጎሊክስ ይባላል፣ ኢስትሮጅንና ፕሮጄስቲን አብረውበት አሉ። አሜሪካ ለዚህ በሽታ የፈቀደችው እንደ ፈረንጆች በ2022 ነው፣ ለ24 ወር ብቻ። የቀድሞው ዳናዞል ድምፅን ሊያጎረንን፣ ፂም ሊያበቅል ይችላል። የድምፁ ለውጥ ላይመለስም ይችላል። ቢታዘዝላችሁ ሌላ አማራጭ ካለ ጠይቁ።

ማህፀን ውስጥ የሚገባው ሉፕም አለ። ግን ተጠንቀቁ፣ ሉፕ ሁለት ዓይነት ነው። እኛ ዘንድ የተለመደው የመዳብ ነው። እሱ ደምም ቁርጠትም ሊጨምር ይችላል፣ ለዚህ በሽታ አይደለም። ለዚህ የሚሆነው ሌቮኖርጀስትሬል የሚባል ሆርሞን የሚለቀው ነው። ስታስገቡ የትኛው እንደሆነ በስሙ ጠይቁ።

ሌላ የረሳሁት። ዲየኖጄስት እንቁላል እንዳይወጣ ቢያደርግም በወሊድ መከላከያነት አልተፈቀደም። 2016 ላይ ሳገባ ኮንዶም ነው የተጠቀምነው። ሌላ ሆርሞን ደርቦ መውሰድ አይቻልም። ሲጀመርም እርግዝና አለመኖሩ ይረጋገጣል። የቲቢ መድኃኒት፣ በተለይ ሪፋምፒሲን፣ እንዲሁም አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ኃይሉን ያዳክሙታል። ስለዚህ ለጉንፋንም ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ምን እንደምትወስዱ ተናገሩ።

ዘንድሮ የዶክተሩ ጥያቄ እንደገና መጣ። "በሚቀጥለው አንድ ዓመት ውስጥ?" አዎ አልኩ። ባለቤቴም አዎ አለ። መስከረም 2018 ዓ.ም. አቆምኩ። የወር አበባዬ በስድስተኛው ሳምንት መጣ። ህመሙ ከ10 4 ነበር። በሁለተኛው ወር 5። ደብተሩ ይቀጥላል። ስድስት ወር ሞክረን ካልሆነ ወደ ቀጣዩ ደረጃ እንደምንሄድ ከወዲሁ ተነጋግረናል።

ባለፈው እሑድ እናቴ ጋ ቡና ላይ ነበርኩ። ጎረቤታችን የ16 ዓመት ልጇን ይዛ መጥታለች። ልጅቷ ሆዷን ይዛ ጥጉ ላይ ኩርምት ብላለች። እናትየው "ሐኪሙ ሆርሞን ነው የሰጣት፣ የወር አበባዋን ሊያቆመው ነው፣ ደሙ ሆዷ ውስጥ ቢጠራቀምስ?" አለች። እኔ አፌን ስከፍት እናቴ ቀደመችኝ። ጀበናውን አስቀምጣ "የትም አይሄድም፣ መጀመሪያም አልተሠራ!" አለች። ስለ ሽፋኑ፣ ስለ መውጫው፣ ስለ 47 ቀኑ ሁሉንም ነገረቻት። ቁጥሩን አልሳተችም። ስትጨርስ ወደ ልጅቷ ዞረችና "መድኃኒትሽን ማታ ማታ በሰዓቱ ዋጪ" አለቻት። "ጤና አዳሙንም ቢሆን አትተይ።"